ከአጥር በላይ ያለው የተርብ ቤት

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁ ስለ ተርብ ነው። ጓሯችን ዛፍ ላይ ስለተሠራ ትልቅ የተርብ ቤትና "ምን እናድርገው?" ብለን ስለተከራከርነው ነገር።

የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ግቢያችን ትንሽ ናት። ከኋላ፣ ከጎረቤት አጥር ጥግ ላይ አንድ ትልቅ የሜፕል ዛፍ አለ። ነሐሴ ላይ ነው ያየነው፤ ሁለተኛ ፎቅ በሚደርስ ከፍታ፣ ከቅጠሉ መሃል ግራጫ ነገር ተንጠልጥሏል። ርዝመቱ አንድ ክንድ ያህላል። ከታች በኩል አንዲት ቀዳዳ አለችው፤ በእሷ ይገባሉ ይወጣሉ፣ ፋታ የለም። ሰመሩን፣ ማለት የዚህን አገር የሙቀት ወራት፣ ሙሉ እዛ ዛፍ ሥር ቡና ስናፈላ፣ ልጆች ሲሯሯጡ ነው የከረሙት። አንድም ሰው አልተነደፈም። ይህችን ያዙልኝ።

እሁድ ዕለት ዘመድ ሲሰበሰብ ሁሉም የየራሱን መድኃኒት ይዞ መጣ። ወንድሜ "ቤንዚን ደፍተን እናንድደው" አለ። አጎቴ ጎጃም ያደገ ሰው ነው፤ በልጅነቱ ከአባቱ ጋር ቀፎ ሲሰቅል፣ ማር ሲቆርጥ የኖረ። "አንቺ ልጅ፣ ለዚህ ጭስ ነው መላው፤ ስንቱን ንብ በጭስ ስናባብል ኖረን!" አለኝ። እማዬ ደግሞ አንድ ቃል ብቻ ነበራት፤ "ልጅ ያለበት ግቢ ነው፣ ይጥፋ።"

አጎቴን በጣም ነው የማከብረው፣ ስለ ንብ የሚያውቀውን እኔ በመጽሐፍ አላገኘውም። ግን ጭስ ንብ ላይ የሚሠራበት ምክንያት አለው። አንደኛ፣ ንቦች አደጋ ሲመጣ ለእህቶቻቸው የሚለቁትን ሽታ ጭሱ ይሸፍነዋል። ሁለተኛ፣ ጭስ ሲሸታቸው ቤታችን ሊቃጠል ነው ብለው ማሩን ይሰለቅጣሉ፤ ሆዱ የሞላ ንብ ደግሞ ለጠብ ይሰንፋል። እነዚህ ተርቦች ግን የሚሰለቅጡት ማር የላቸውም። ቤታቸው ውስጥ ያለው እንቁላልና እጭ ነው። ይህን ስነግረው አጎቴ ዝም ብሎ ሰማኝና "መንደፊያቸውስ ይቀራል?" ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው የባለሙያ ጥያቄ ነው። የማር ንብ መንደፊያ እሾህ አለው፣ ቆዳችን ውስጥ ተሰንቅሮ ይቀራል፣ ንቧም ትሞታለች። የተርብ መንደፊያ ግን እንዲህ ተሰንቅሮ አይቀርም። አንዷ ተርብ ደጋግማ መንደፍ ትችላለች፣ ነድፋም በሕይወት ወደ ቤቷ ትመለሳለች።

ስለ ቤንዚኑ ብዙ አልልም። ከዛፍ ሥር እሳት፣ ከጎኑ የእንጨት አጥር፣ ከአጥሩ ማዶ የሰው ቤት። አይሆንም አልኩ፣ አለቀ። ባይለኮስ እንኳን አፈሩን መርዞ ነው የሚሄደው።

አሁን ስለ ተርቦቹ ልንገራችሁ፤ እኔን የያዘኝ እዚህ ላይ ነው። አካላቸው ጥቁር፣ ፊታቸው ነጭ ነው። እዚህ አገር "ቦልድ ፌስድ ሆርኔት" ይሏቸዋል፣ ዘመዶቻቸው ግን "የሎው ጃኬት" የሚባሉት ቢጫና ጥቁሮቹ ተርቦች ናቸው። ያ ሁሉ ቤት የሚጀመረው በጸደይ፣ ብርዱ ሲያልፍ፣ በአንዲት ንግሥት ነው። የብርዱን ወራት የዛፍ ቅርፊት ወይም የወደቀ ግንድ ሥር ተደብቃ ያሳለፈች አንዲት ንግሥት። ብቻዋን የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ክፍሎች ትሠራለች፣ እንቁላል ትጥላለች፣ እጮቹንም ራሷ ትመግባለች። እነሱ ሲደርሱ ሥራውን ይረከቧታል። ነሐሴ ላይ በመቶ የሚቆጠሩ ይሆናሉ። የሚመገቡትስ? ለእጮቻቸው የሚያመጡት ዝንብ ነው፣ አባጨጓሬ ነው፣ አንዳንዴም ሌላ ተርብ ነው። ጎመኔን ሲበላብኝ የነበረውን አባጨጓሬ ሲለቅሙ በዓይኔ አይቻለሁ።

ቤቱ ደግሞ ወረቀት ነው። እውነተኛ ወረቀት። ከአጥርና ከደረቀ እንጨት ላይ ቃጫውን በመንጋጋቸው ይፍቁታል፣ በምራቃቸው ያላምጡታል፣ ከዚያ በስሱ ይለጥፉታል። ስለዚህ ነው ላዩ ላይ ግራጫ፣ ቡናማ፣ ነጣ ያለ መስመር የሚታየው፤ እንጨቱ ከየት እንደመጣ ነው ቀለሙ። ድሮ አውሮፓ ውስጥ ወረቀት የሚሠራው ከአሮጌ ጨርቅ ነበር። በ1719 ሬኦሚር የሚባል ፈረንሳዊ ሊቅ ተርቦችን ተመልክቶ፣ ወረቀት ከእንጨት መሥራት እንደሚቻል እነሱ እያሳዩን ነው ብሎ ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ አቀረበ። ይህን ሳነብ ተነስቼ ጓሮ ወጥቼ ወደ ላይ ሳይ ቆየሁ።

እና የእኔ ሐሳብ መተው ነበር። ለምን? ቦታው ከፍ ያለ ነው። የሳር ማጨጃ አይነካውም፣ የሰው እጅ አይደርስበትም። ተርብ ክፉኛ የሚነሳው ቤቱ ሲነካ ነው፤ ሰመሩን ሙሉ ያልነደፉን ለዚህ ነው። ቤቱ ደጃፍ ላይ ወይም መሬት ውስጥ የመኪና ማቆሚያ አጠገብ ቢሆን ኖሮ አንድ ቀን አላሳድርም ነበር፤ መሬት ውስጥ የሚኖሩት የሎው ጃኬቶች የማጨጃው ንዝረት ብቻ ይበቃቸዋል። ከዚህም ሌላ፣ ቅዝቃዜ ሲመጣ አሮጊቷ ንግሥትም ሠራተኞቹም ይሞታሉ። የሚተርፉት ከወንዶቹ ጋር የተገናኙ አዳዲስ ንግሥቶች ብቻ ናቸው። ቤቱንም በዓመቱ ተመልሰው አይገቡበትም። ሁለት ወር መታገሥ ምን አለበት? እማዬን እንኳን አሳምኛት ነበር።

ከዚያ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ቅርንጫፉ ያዘነበለው ወደ እኛ ሳይሆን ወደ አጥሩ ማዶ ነው። ዛፉ የእኔ ነው፣ ተርቦቹ የሚበሩበት ሰማይ ግን የእኔ አይደለም። ከዚያች ጎረቤቴ ጋር እስከዚያ ቀን ከመኪና ስንወርድ እጅ ከመነሳሳት ያለፈ ነገር አልነበረንም። አገር ቤት ቢሆን ገና ሳይነጋ ጎረቤቱ ሁሉ አጥሩ ጋ ተሰብስቦ ይመክርበት ነበር፤ እዚህ ግን የሰው በር ማንኳኳት ራሱ ይከብዳል። አንኳኳሁ። ወደ ዛፉ ጠቆምኳት፣ ያሰብኩትን ነገርኳት።

ፊቷ ተለወጠ። ልጇ አምና ተነድፎ ነበር። ከንፈሩ አበጠ፣ ሰውነቱ ሽፍ አለ፣ መተንፈስ አቃተው፣ በአምቡላንስ ነው የተወሰደው። አሁን የትም ሲሄድ ኤፒፔን፣ ለእንዲህ ያለ አለርጂ ቶሎ የሚወጋ መርፌ፣ ይዞ ነው። እየዘለለ የሚጫወትበት ትራምፖሊን ደግሞ ያለው ልክ ከቅርንጫፉ ሥር ነው። ቤቱን አላየችውም ነበር፣ ከእሷ በኩል ቅጠሉ ከልሎታል።

ክርክሩ እዚያ ላይ አበቃ። በዚያው ሳምንት የተባይ ማጥፊያ ባለሙያ ጠራሁ፣ ክፍያውንም እኔ ቻልኩ፤ ዛፉ የእኔ ነውና። የመጣው ሲመሽ ነው፣ ተርቦቹ ከሥራ ተመልሰው ቤታቸው ሲገቡ። ወፍራም ልብስ ለብሷል፣ የያዘው መብራት ቀይ ነው፤ ነጩን መብራት እየተከተሉ ስለሚበሩ። በረጅም ዘንግ ዱቄት መድኃኒት ወደ ቀዳዳዋ ነፋ። ከጥቂት ቀን በኋላ ጸጥ ማለቱን አይቶ ቅርንጫፉን ቆርጦ አወረደልን።

ለሁለት ስንጠቀው ውስጡ ፎቅ በፎቅ ነው። ስድስት ማዕዘን ክፍሎች፣ አፋቸው ወደ ታች የዞረ። ዙሪያውን ስስ ወረቀት በወረቀት ላይ ተደርቧል፣ በመሃሉ አየር አለ፣ ሙቀት የሚይዝላቸው እሱ ነው። አዘንኩ። ዛሬም ሳወራችሁ አዝናለሁ። ግን ነገ ያው ነገር ቢመጣ ያንኑ ነው የማደርገው። ለእኔ ልጆች የማያሰጋ ቤት ለጎረቤቴ ልጅ የሞት ነገር ሊሆን ይችላል፤ ይህን ደግሞ ወደ ላይ አንጋጦ በማየት ማወቅ አይቻልም።

አሜሪካ ውስጥ ከ2000 እስከ 2017 ባለው ጊዜ በንብና በተርብ ንድፊያ 1,109 ሰው ሞቷል፤ በዓመት በአማካይ 62 ማለት ነው። ካለው ሕዝብ አንጻር ጥቂት ነው። ለእነዚያ ቤቶች ግን ጥቂት አይደለም። የእኛ ሰው "ይለፍለታል፣ ውኃ ይጠጣበት" ማለት ይወዳል። የተነደፈበት ቦታ ብቻ ካበጠና ከቀላ፣ አዎ፣ በውኃና ሳሙና ይታጠብ፣ በረዶ ይያዝበት። ነገር ግን ምላስ ወይም ጉሮሮ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ሰውነት በሙሉ ሽፍ ካለ፣ ካስመለሰው፣ ራሱን ካዞረው፣ ቶሎ ወደ 911፣ የዚህ አገር የአደጋ ጥሪ ቁጥር፣ ደውሉ። ኤፒፔን ካለ ጭኑ ላይ፣ በውጭ በኩል ነው የሚወጋው፣ በልብስ ላይም ይሆናል። ከተወጋ በኋላ ተሻለው ብላችሁ እቤት አትቀመጡ፣ ሆስፒታል መታየት አለበት፤ ምልክቱ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል።

እንዲህ ሆኖ የሚያውቅ ሰው ቤታችሁ ካለ የአለርጂ ሐኪም ጋ ውሰዱት። የተርቡን መርዝ በጥቂት በጥቂቱ እየወጉ ሰውነቱን የሚያለማምዱበት ሕክምና አለ። አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት ይወስዳል፣ ግን በእጅጉ ይከላከላል። የጎረቤቴ ልጅም ጀምሯል፤ ቀጠሮው ከእናቱ ሥራ ጋር ሲጋጭ የማደርሰው እኔ ነኝ።

ለዛሬ ይኸው ነው። በሚቀጥለው ሳምንት እንገናኝ፣ ደህና ሁኑልኝ።