እኛም ደብዳቤ እንጽፋለን

የስታር ትሬክ 60ኛ ዓመት በታሰበበት ምሽት የተደረገ ንግግር
ጳጉሜን 3 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ ልጆቻችን፤

እንኳን ለቅዱስ ሩፋኤል በዓል አደረሳችሁ።

ማክሰኞ ማታ መሆኑን አውቃለሁ። ከመካከላችሁ የሥራ ልብሳችሁን ሳትቀይሩ የመጣችሁ አላችሁ፤ የሌሊት ተራችሁን ለሌላ ሰው ሰጥታችሁ የመጣችሁም አላችሁ። ዝግጅቱን ወደ ቅዳሜ እናዛውረው ስትሉኝ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝና ምክንያቴን ልንገራችሁ። ስለ ጠፈር ጉዞ የሚተርከው ተከታታይ ፊልም ስታር ትሬክ በአሜሪካ ቴሌቪዥን መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 8 ቀን 1966 ነው። በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 3 ቀን 1958 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ሩፋኤል ነው፤ ርኅወተ ሰማይ ነው፤ ሰማይ የሚከፈትበት ዕለት። እኔ ያን ጊዜ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ እንደ ጉለሌ ልጆች ሁሉ ራቁቴን ግቢ ውስጥ ቆሜ የሩፋኤልን ዝናብ የምጠብቅ ልጅ። በዚያው ዕለት ማታ፣ ከውቅያኖስ ማዶ፣ ኤንተርፕራይዝ የተባለችው የተከታታዩ የጠፈር መርከብ በሰዎች ሳሎን ውስጥ ሰማዩን ከፈተች። ይህን ቀን ወደ ቅዳሜ ለማዛወር አቅም አጣሁ። ይቅር በሉኝ።

አዘጋጆቹ እንድናገርበት የሰጡኝ ርእስ «የ60 ዓመት ጉዞ» የሚል ነው። ስለ ጉዞውም እናገራለሁ። አስቀድሜ ግን ሦስት ዓመት በሆዴ ይዤው የቆየሁትን ላውጣ፤ የመጣሁት ለእርሱ ነው።

የዛሬ ሦስት ዓመት አምስት ሆነን ስታር ትሬክን አብረን የምናይበት አዳራሽ ልንጠይቅ ሄድን። አራታችን ዛሬ እዚህ አለን፤ አምስተኛው ሥራ አግኝቶ ወደ ሌላ ግዛት ሄዷል። በወር አንድ ቅዳሜ፣ ለሦስት ሰዓት ብቻ፣ ኪራዩን ከፍለን፣ ወንበሩን ደርድረን፣ ወለሉን ጠርገን እንወጣለን አልን። የአዳራሹ ኮሚቴ ሰብሳቢ ማመልከቻችንን እስከ መጨረሻው መስመር አነበቡት። ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁና «ይህ የፈረንጅ ተረት ነው፤ አዳራሹ ለቁም ነገር ነው» አሉን። ወረቀቱን ለሁለት አጥፈው መለሱልን። ከእኛ ጋር የነበረችው እህታችን፣ ሃያ ዓመት በነርስነት ያገለገለች ሴት፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። አንዳችንም አልመለስንላቸውም። ደረጃውን ስንወርድ እርስ በርሳችን እንኳ አልተያየንም።

የሚያንገበግበኝ የሰብሳቢው ቃል አይደለም። የእኛ ዝምታ ነው። ዝም ያልነው በልባችን ግማሹን ስላመንንላቸው ነው። ስንት ዓመት ደብቀን ስንወድ ኖረናል! እንግዳ በሩን ሲያንኳኳ ጣቢያ ቀይረናል። «ምን እያየህ ነው?» ስንባል «ዜና» ብለናል። እናንተም ብላችኋል፤ እኔም ብያለሁ። ስለዚህ ዛሬ ማታ ያን ቀን መመለስ የነበረብኝን እመልሳለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1991 ማብቂያ፣ በብርዱ ወራት፣ ዋሽንግተን መሀል ከተማ የሌሊት ፓርኪንግ ሠራተኛ ነበርኩ። ይህን ሥራ ዛሬ እዚህ ከተሰበሰብነው መካከል ስንቶቻችን እንደሠራነው እናውቃለን። የምቀመጥባት የመስታወት ክፍል ሁለት ሰው ጎን ለጎን አታስቆምም። ከእግሬ ሥር ትንሽ ማሞቂያ፣ ከፊቴ የቲኬት ማሽን፣ ከጎኔ አንቴናዋን በሽቦ ያሰርኩላት ቴሌቪዥን። ሌሊት ሌሊት የድሮው ስታር ትሬክ በድጋሚ ይታይ ነበር። ምስሉ ሲበላሽ በግራ እጄ አንቴናውን እይዛለሁ፤ በቀኝ እጄ ቲኬት እቀበላለሁ።

ከደንበኞቼ መካከል አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት ነበሩ። በሆስፒታል ወጥ ቤት የማታ ሠራተኛ ናቸው። እኔ እማማ እላቸው ነበር፤ ትርጉሙን ስነግራቸው ወደዱት። አንድ ሌሊት ሂሳባቸውን ከፍለው፣ ቁልፋቸውን ተቀብለው፣ ከመስኮቱ ሳይነቃነቁ ቀሩ። ዓይናቸው ቴሌቪዥኗ ላይ ነው። ቀይ ልብስ የለበሰችው ሴት ጆሮዋ ላይ ያለውን መሣሪያ በጣቷ ይዛ ወደ ካፒቴኑ ዞራ ትናገራለች። ውጪው ውርጭ ነው። ትንፋሻቸው መስታወቱን ይሸፍነዋል፤ በጓንታቸው ይጠርጉታል፤ ይሸፍነዋል፤ እንደገና ይጠርጉታል። በሩን ከፍቼ የተቀመጥኩባትን በርጩማ ሰጠኋቸው፤ እኔ ቆምኩ። ከቴርሞሴ ቅርንፉድና ቀረፋ ያለበት ሻይ ቀዳሁላቸው። እስኪያልቅ ድረስ አንዲት ቃል አልወጣቸውም።

ሲያልቅ ተናገሩ። ተከታታዩ የተጀመረ ሰሞን ወጣት እናት ነበሩ። በዚያን ዘመን ጥቁር ሴት በቴሌቪዥን ብትታይ አብዛኛውን ጊዜ የሰው ቤት ስትጠርግ ወይም የሰው ልጅ ስታሳድግ ነው። ይህቺ ግን መኮንን ናት። ከካፒቴኑ ጀርባ የራሷ ወንበር አላት፤ ያለ እርሷ መርከቧ አትሰማም፣ አትናገርም። የእማማ እናት ጎረቤቱን ሁሉ በስልክ ጠርተው ሰበሰቡ። ቤቱ ሞልቶ ሁሉም ቆመው ነው ያዩት፤ መቀመጥ አልሆነላቸውም።

ከዚያ እማማ «ስሟ ምን ማለት እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም» አሉኝ።

እኔ አውቅ ነበር። ወደዚህ አገር ከመምጣቴ በፊት ናይሮቢ ሁለት ዓመት በስደት ኖሬአለሁ። ወረቀቴ እስኪደርስ ቀኑን የማሳልፈው ኡሁሩ ፓርክ ሣሩ ላይ ተቀምጬ ነበር። ምሳ በሌለበት ቀን የምሳ ሰዓት እስኪያልፍ እዚያ እተኛለሁ። ኡሁሩ በስዋሂሊ ነፃነት ማለት ነው፤ የዚያች ባለ ቀይ ልብስ መኮንን፣ የኡሁራ፣ ስም የመጣውም ከዚያው ቃል ነው። በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ይህን ነገርኳቸው፦ ረኃቤን ያስታመምኩበት መናፈሻና ጠፈር ላይ ወንበር ያላት ሴት በአንድ ስም ይጠራሉ አልኳቸው። ስኒውን አስቀመጡ። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ነፃነት» አሉ። ትንሽ ቆዩና ደግመው «ነፃነት» አሉ።

ከዚያ ሌሊት ጀምሮ በክፍሏ በር ላይ ሁለት በርጩማ ተቀመጠ።

ተረት ነው ላሉን፦ አዎ፣ ተረት ነው! እኛ ተረትን መናቅ የጀመርነው ከመቼ ወዲህ ነው? አያቶቻችን «ተረት ተረት» ሲሉን «የመሠረት» እያልን አይደለም ወይ ፍርድን ከግፍ የለየነው? አንበሳና ቀበሮ እየተነጋገሩ ስለ ንጉሥና ስለ ድኻ ሲነግሩን ኖረው፣ ዛሬ ጆሮው የሾለው የመርከቧ መኮንን ስፖክ ስለ ሰው ልጅ ሲነግረን ምን ነውር ተገኘበት?

ቁም ነገርን ካነሳን የቁም ነገር ሰው ልጥራ። አብዛኞቻችሁ ታሪኩን ታውቁታላችሁ፤ ልጆቹ ግን ዛሬ ከእኔ አፍ ይስሙት። ኡሁራን የተጫወተችው ኒሼል ኒኮልስ ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ልትለቅ ወስና ነበር። ልቧ ወደ ቲያትር መድረክ ያደላ ነበር፤ ደግሞም በድርሰቱ የሚደርሳት ንግግር ጥቂት ነበር። የመልቀቂያ ደብዳቤዋን ለተከታታዩ ፈጣሪ ለጂን ሮደንበሪ ሰጠች። እርሱም ቅዳሜና እሑድ አስቢበት አላት። በእነዚያ ቀናት ለሲቪል መብት ድርጅት ገንዘብ በሚሰበሰብበት ግብዣ ላይ ተገኝታ ሳለ፣ አንድ አድናቂሽ ሊያገኝሽ ይፈልጋል ተባለች። ዞር ስትል ማርቲን ሉተር ኪንግ ናቸው። እኔ ነኝ አድናቂሽ አሏት። እርሳቸውና ባለቤታቸው ኮሬታ ትንንሽ ልጆቻቸው አምሽተው እንዲያዩ የሚፈቅዱት ይህንኑ ተከታታይ ብቻ እንደሆነ ነገሯት። እለቃለሁ ስትላቸው አትችይም አሏት። ሰኞ ተመልሳ ደብዳቤዋን ወሰደች። ይህን ራሷ ኒሼል ዕድሜዋን ሙሉ ስትመሰክር ኖራለች።

በርሚንግሃም እስር ቤት የታሰሩ ሰው፣ ለመብት ከሰልማ ከተማ ተነሥተው በእግራቸው የሄዱ ሰው፣ የኖቤል የሰላም ሽልማት የተቀበሉ ሰው «አድናቂሽ ነኝ» ለማለት አላፈሩም! ከእርሳቸው የበለጠ በሥራ የተጠመደ ማን ነበር? ከእርሳቸው የበለጠ ቁም ነገር የገባው ማን ነው? እርሳቸው ልጆቻቸውን ከጎናቸው አስቀምጠው ያዩትን እኔ በምን ምክንያት ነው እንግዳ ሲመጣ የማጠፋው? ከዛሬ ጀምሮ አላጠፋም። እንግዳው ይቀመጥ፤ ቡና ይፈላለት፤ አብሮን ይይ!

አሁን አድናቂዎች ወደ ጻፉት ደብዳቤ ልምጣ። ሁለተኛው ዓመት ሳያልቅ ጣቢያው ተከታታዩን ሊያቋርጠው ነው የሚል ወሬ ወጣ። ቢጆ ትሪምብል የምትባል ሴት ከባለቤቷ ከጆን ጋር ተነሣች። ኢንተርኔት የለም፤ ያላቸው ወረቀት፣ ፖስታና ቴምብር ነው። አንድ ሕግ አወጡ፦ አንተ ለአሥር ሰው ንገር፤ አሥሩ እያንዳንዳቸው ለሌላ አሥር ይንገሩ። ከመቶ ሺህ በላይ ደብዳቤ ጎረፈ። እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 1968 ማታ ጣቢያው ኤንቢሲ በራሱ ስርጭት ላይ ስታር ትሬክ ይቀጥላል ብሎ ለሕዝብ አስታወቀ። ዶክተር ኪንግ ከዚያ በኋላ አንድ ወር ብቻ ነው የኖሩት።

ድሉ ግን ሙሉ አልነበረም። ሦስተኛውን ዓመት ዓርብ ማታ አራት ሰዓት ላይ መደቡት፤ ወጣት ከቤት የማይገኝበት ሰዓት። በ1969 በ79ኛው ክፍል አበቃ። እነዚያ ጸሐፊዎች ባይኖሩ ግን ያ ሦስተኛ ዓመት አይኖርም ነበር። ክፍሎቹ ተጠራቅመው በየከተማው ጣቢያ በድጋሚ መታየታቸው ለእነርሱ ምስጋና ይግባውና፣ ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ ስደተኛ በአንዲት የመስታወት ክፍል ውስጥ አንቴና ይዞ ሊያያቸው ቻለ። እኔንና እማማን ያገናኙን ቴምብር የለጠፉ ሰዎች ናቸው። በስም አላውቃቸውም፤ ዛሬ ማታ ግን በሙሉ ልቤ አመሰግናቸዋለሁ።

ሌላውን ባጭሩ ልበል፤ ምግቡም እየቀዘቀዘ ነው። በ1976 የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ናሳ የመጀመሪያዋን የሙከራ መንኮራኩር ኤንተርፕራይዝ ብሎ የሰየማት አድናቂዎች ለፕሬዚዳንት ፎርድ ደብዳቤ ስላጎረፉ ነው። ያቺ መንኮራኩር እስከ 2012 ድረስ ደለስ ኤርፖርት አጠገብ ባለው ሙዚየም ቆማ ነበር። ዘመድ ለመቀበል ደለስ ስንሄድ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን እስኪያርፍ ልጆቼን ይዤ ስንቴ አይቻታለሁ!

ኒሼል ኒኮልስ ከ1977 ጀምሮ ሴቶችና ጥቁሮች ለጠፈርተኛነት እንዲያመለክቱ ለናሳ እየዞረች ቀሰቀሰች። በ1992 ወደ ጠፈር የወጣችው የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ሜይ ጀሚሰን በልጅነቷ ኡሁራን እያየች ያደገች ናት፤ በዓመቱ ራሷ በስታር ትሬክ አንድ ክፍል ላይ ተጫወተች። ኒሼል በ2022 አርፋለች። ቀይ ልብሷ እዚሁ ዋሽንግተን፣ በአፍሪካ አሜሪካውያን ታሪክና ባህል ብሔራዊ ሙዚየም ይገኛል። መግቢያው በነፃ ነው፤ ልጆቻችሁን ውሰዱ። እኔ ከመስታወቱ ፊት ስቆም እጄን በጓንት አድርጌ ትንፋሼን ጠረግኩ።

በየጠረጴዛችሁ ላይ ወረቀት፣ ፖስታና ቴምብር አለ። የአዳራሹ ኮሚቴ አድራሻ በፖስታው ላይ ተጽፏል፤ አዳራሹን እንዲፈቅድልን እንጠይቀው። ፊርማ ብቻ አናሰባስብም፤ እያንዳንዳችሁ በራሳችሁ ቃል፣ በትሕትና፣ ስማችሁን ሳትደብቁ ጻፉ። መጀመሪያ ያያችሁት የት እንደነበር ጻፉ፤ ከማን ጋር እንዳያችሁት ጻፉ። በአማርኛም በእንግሊዝኛም ይሆናል። ከዚህ ስትወጡ ደግሞ ለአሥር ሰው ንገሩ።

እስክሪብቶ ያልደረሳችሁ እጃችሁን አንሡ፤ ልጆቹ ያመጡላችኋል።