በስፌቱ ውስጥ የቀረው ጨርቅ

ሰላም ወዳጆቼ፣ እንደምን ከረማችሁ? ዛሬም ከሐዋሳ ነኝ። ውጭ ዝናብ ጀምሯል፤ የቆርቆሮው ድምፅ ከገባባችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ። ዛሬ እንግዳ የለኝም። ስለ አንድ ኮት ላወራችሁ ነው።

ኮቱ የአባዬ ነው። በ1984 ዓ.ም ለሠርጉ ሙሉ ልብስ አሰፋ፣ ጠቆር ያለ ሰማያዊ። ሱሪው ሲለበስ ኖሮ አለቀ። ኮቱን ግን እማዬ በአሮጌ አንሶላ ሸፍና ቁም ሳጥን ውስጥ አቆየችው። ባለፈው ጥር እህቴ ስትዳር "እሱን ልልበስ" አልኩ። ሞከርኩት። ትከሻው ልኬ ነው። እጅጌው ልኬ ነው። ጀርባው ግን ያዘኝ፤ ቁልፉ አልደርስ አለ። አባዬ ያኔ ቀጭን ነበር።

ይዤው አሮጌ ገበያ አካባቢ ወደሚሠሩ አንድ ልብስ ሰፊ ሄድኩ። ስማቸውን አልጠራም፣ ጋሼ ነው የምላቸው። ፔዳል ያለው ሲንጀር አላቸው፣ አንገታቸው ላይ ሁልጊዜ ሜትር አለ። ኮቱን ሲቀበሉኝ ከፊት አላዩትም። ገለበጡት። ገበሩን ከታች በምላጭ ትንሽ ተረተሩና እጃቸውን ወደ ውስጥ ሰደዱ። ከዚያ ፈገግ አሉ።

"ና እይ፣ ልጄ። ይሄን የሰፋው ሰው እጁ ይባረክ።"

አየሁ። የጀርባው ስፌት ውስጥ፣ በግራም በቀኝም፣ ሁለት ጣት የሚያህል ጨርቅ ታጥፎ ተቀምጧል። ከ30 ዓመት በላይ ማንም አላየውም። ቀለሙ ደግሞ አልለቀቀም፤ ውጭው በፀሐይ ገርጥቶ ውስጡ እንደ ሠርጉ ቀን ሰማያዊ ነው።

እውነቴን ነው፣ እዚያው ፈዝዤ ቀረሁ። አንድ የማላውቀው ሰው መቀሱን ይዞ ቆሞ፣ ስለ አባዬ አስቧል። ይህ ሙሽራ ነገ ይወፍራል፣ ልብሱንም ይዞ ይመጣል ብሏል። ሁለት ጣት ጨርቅ ለዚያ ቀን ትቷል። እኔ በልክ የተሰፋ ልብስ ስል ከዚያ ቀን በፊት የማስበው መልኩን ነበር። ወገቡ ላይ መቀመጡን፣ ትከሻው አለመጨማደዱን። አሁን መጀመሪያ የማስበው ያንን የተደበቀ ጨርቅ ነው።

እስኪ እናንተም ቁም ሳጥናችሁን ክፈቱና ሱሪያችሁን ገልብጡ። የኋላውን ስፌት ተመልከቱ። ጥሩ ልብስ ሰፊ እዚያ ጋ 3 ወይም 4 ሴንቲ ይተዋል። ርካሽ የፋብሪካ ሱሪ ላይ ብዙ ጊዜ 1 ሴንቲ ብቻ ነው የምታገኙት። ይህ ክፋት አይደለም፣ ሂሳብ ነው። ከአንድ ሱሪ 3 ሴንቲ ቢተርፍ ምንም አይደለም። ከመቶ ሺህ ሱሪ ቢተርፍ ግን ብዙ ጣቃ ጨርቅ ነው።

ከተማችን ይህን ሂሳብ በደንብ ታውቀዋለች። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም ሲመረቅ ስንቱ የሰፈሬ ልጅ እዚያ ገባ። አንዲት ጎረቤቴ ኮሌታ ላይ ነበር የተመደበችው። ቀኑን ሙሉ የሸሚዝ ኮሌታ ትሰፋለች። እጇ እንዴት ፈጣን እንደነበር አይቻለሁ፣ ስፌቷ አንድም ቦታ አይዛነፍም። ግን ያ ኮሌታ የማን አንገት ላይ እንደሚያርፍ አታውቅም። ጋሼ ያውቃሉ። ልዩነቱ የሙያ ብቻ አይመስለኝም። ባለቤቱን ማወቅ ነው።

የኔ የመጀመሪያ ሙሉ ልብስ ከሱቅ የተገዛ ነበር። እጅጌው ላይ "ሱፐር 150" የሚል ጨርቅ ተለጥፎበታል። ቁጥሩ ትልቅ ስለሆነ ጥራቱ ትልቅ መሰለኝ። አንድ ክረምት ዝናብ መታው፣ ሲደርቅ ደረቱ ምጣድ ላይ እንዳለ ቂጣ አበጠ፣ ፊኛ ፊኛ አወጣ። ሻጩ ጋ ብመልሰው "አንተ ነህ ያበላሸኸው" ተባልኩ። ያን ልብስ ለመግዛት ስንት ወር ቆጥቤ ነበር።

ምን እንደሆነ ያስረዱኝ ጋሼ ናቸው። በኮት ጨርቅና በገበሩ መካከል ሦስተኛ ድርብ አለ። ደረቱን ቅርጽ የሚሰጠው እሱ ነው። በድሮው አሠራር ከፈረስ ፀጉር ጋር የተሸመነ ጠንከር ያለ ጨርቅ ነው፤ በመርፌ ላላ ተደርጎ በእጅ ይያያዛል። ስትለብሰው ከሰውነትህ ሙቀት ጋር ቀስ በቀስ ደረትህን ይለምዳል። በርካሹ አሠራር ግን በሙጫ ይለጠፋል። ሙጫው ሲለቅ ያብጣል። አይድንም። ለማወቅ ቀላል ነው። ከቁልፉ በታች ያለውን ጨርቅ ከፊትም ከኋላም በጣት ቆንጠጥ አድርጋችሁ ሳብ ሳብ አድርጉት። በመካከል ለብቻው የሚንሸራተት ነገር ከተሰማችሁ አልተለጠፈም ማለት ነው።

ቁጥሩስ? ሱፐር የሚለው ክሩ የተፈተለበትን የሱፍ ፀጉር ቅጥነት ነው የሚናገረው። የሱፐር 100 ፀጉር ውፍረቱ ቢበዛ 18.75 ማይክሮን ነው (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው)፣ የሱፐር 150 ደግሞ 16.25። ቁጥሩ ሲጨምር ፀጉሩ ይቀጥናል፣ ጨርቁ ይለሰልሳል። ቶሎም ይጨማደዳል፣ ቶሎም ይሳሳል። ባጃጅ ላይ ወጥቶ ለሚወርድ፣ ቢሮ ውሎ ለሚገባ ሰው ሱፐር 100 ወይም 110 ይሻለዋል ባይ ነኝ።

ለንደን ውስጥ ሳቪል ሮው የሚባል መንገድ አለ፣ የልብስ ሰፊዎች መንገድ። ሄንሪ ፑል የሚባለው ቤት ሥራ የጀመረው በአውሮፓውያን 1806 ነው፣ ዛሬም ይሰፋል። የዚያ መንገድ ልብስ ሰፊዎች ማኅበር ለአንድ ሙሉ ልብስ ቢያንስ 50 ሰዓት የእጅ ሥራ ይጠይቃል። በልክ የተሰፋውን "ቢስፖክ" ይሉታል። ቃሉ የመጣው አስቀድሞ ተናግሮ ማዘዝ ከሚል ግስ ነው። ይህን ሳነብ የጋሼ ሱቅ ትዝ አለኝ። እዚያም ሥራው በወሬ ነው የሚጀመረው። የት ልትለብሰው ነው? ኪስህ ውስጥ ምን ትይዛለህ? ትቀመጣለህ ወይስ ቆመህ ትሠራለህ?

ይህን የማውቀው በኋላ የራሴንም ስላዘዝኳቸው ነው። 3 ሜትር ተኩል ጨርቅ ገዝቼ ወሰድኩ። ሊለኩኝ ሲቀርቡ ደረቴን ነፋሁ፣ ሆዴን ሰበሰብኩ። ሜትሩን አወረዱት።

"ቀጥ በል አላልኩህም፣ ልጄ። እንደምትቆመው ቁም።"

ለቀቅኩት። ዞር ብለው አዩኝና "ቀኝ ትከሻህ ዝቅ ይላል" አሉ። 31 ዓመት ሙሉ ማንም ይህን ነግሮኝ አያውቅም። የላፕቶፕ ቦርሳዬን የማንጠለጥለው በዚያ በኩል ነው። በዚያ ትከሻ ውስጥ ትንሽ ጨምረው ሰፉልኝ፣ አሁን ኮቱን ስለብስ ሁለቱም እኩል ናቸው። ሁለት ጊዜ ፕሮቫ አደረግኩ፤ ማለትም ልብሱ ተሰፍቶ ሳያልቅ ለብሼ ሞከርኩት። በመጀመሪያው ልብሱ በነጭ ክር ለጊዜው ብቻ ተያይዞ ነበር፣ እጅጌ የለውም። በሳሙና ስባሪ ምልክት እያደረጉበት ከሩብ ሰዓት በላይ ዞሩኝ። ስለዚህ እባካችሁ፣ ሠርግ ካለባችሁ በመጨረሻው ሳምንት አትሂዱ። በተለይ በጥር። ፕሮቫ የሌለው ስፌት ግምት ነው።

ወደ አባዬ ኮት ልመለስ። ጋሼ ስፌቱን ተርትረው፣ የታጠፈውን ጨርቅ ዘርግተው፣ በካውያ ተኩሰው እንደገና ሰፉት። ልክ ሆነ። አንድ ነገር ግን አስቀድመው አስጠንቅቀውኝ ነበር። የተደበቀው ጨርቅ አልገረጣምና ጀርባው መሐል ላይ ጠቆር ያለ መስመር ይታያል። "ከፈለግህ ሙሉውን ቀለም እናስነክረው" አሉኝ። እንቢ አልኩ።

የሠርጉ ቀን አባዬ ከኋላዬ መጣ። እጁን ጀርባዬ ላይ ሲያሳርፍ ተሰማኝ። መስመሩን ከአንገቴ ጀምሮ በጣቱ እስከ ታች ተከተለው።

"ይሄውልህ" አለኝ፣ "ቀለሙ እንዲህ ነበር።"