ካርቶን ላይ የሳሉ ሰዎች

(ለግራፊክ ጥበብ ተመራቂዎች የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተመራቂዎች፣ ወላጆች፣

ከእናንተ አብዛኞቹ የመጀመሪያ እንጀራቸውን የሚያገኙት ከሥዕል ዐውደ ርዕይ አይደለም። ከብስኩት ማሸጊያ፣ ከሳሙና ካርቶን፣ ከውሃ ጠርሙስ መለያ ነው። ይህን ሰምቶ ፊቱን የሚያጨፈግግ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ስለዚህ ዛሬ ሙዚየም ውስጥ የተሰቀሉትን ሠዓልያን ትቼ የመጫወቻ ካርቶን ሲስሉ ስለኖሩ ሰዎች እናገራለሁ። የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ ዕቃውን እንወቀው። ኤርፊክስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ የሚታወቀው በተገጣጣሚ አውሮፕላኖቹ ነው። ልጁ ካርቶኑን ሲከፍት አውሮፕላን አያገኝም። የሚያገኘው በቀጭን የፕላስቲክ ዘንግ ላይ የተያያዙ ቁርጥራጮችን ነው። ማጣበቁም ቀለም መቀባቱም የእሱ ፈንታ ነው። ከእውነተኛው 72 ጊዜ ያነሰው ስፒትፋየር የተባለው የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላን ተገጣጥሞ ሲያልቅ ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 16 ሳንቲ ሜትር አይሞላም። ኩባንያው በ1952 ጎልደን ሃይንድ የተባለችውን መርከብ ለዉልዎርዝ መደብሮች ሲያቀርብ፣ ዋጋዋ እንዳይወደድ ካርቶን እንኳ አላዘጋጀላትም፤ በላስቲክ ከረጢት ታሽጋ፣ አፏ ላይ ወረቀት ታጥፎበት ነው የተሸጠችው። በዚያ ፕላስቲክና ልጁ በልቡ በሚያስበው አውሮፕላን መካከል ያለውን ሰፊ ክፍተት የሚሞላ ሠዓሊ ያስፈልግ ነበር።

ሮይ ክሮስ በ1924 ለንደን ውስጥ ተወለደ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፌሪ በተባለው የአውሮፕላን ፋብሪካ የቴክኒክ ሥዕል ሠራተኛ ነበር። ስለዚህ አውሮፕላን ሲስል ከቆርቆሮው ሥር ያለውን አጥንት ያውቃል። በ1964 ለኤርፊክስ መሳል ጀመረ፤ አሥር ዓመት ያህልም ቆየ።

ሥራዎቹን ስታዩ ተመልካቹን የት እንዳቆመው ልብ በሉ። ከሩቅ ሆኖ አያይም፤ አውሮፕላኑ አጠገብ አብሮ የሚበር ነው የሚመስለው። አፍንጫው ወደ እኛ ይመጣል፣ ጅራቱ ወደ ጥልቁ ይሸሻል፤ በመዳፍ የሚያዘው ዕቃ ሰማዩን ይሞላል። የኩባንያው ምልክትና የሞዴሉ ስም የሚቀመጡበት ቦታም አለ። ገዢ የሚያነበው ጽሑፍ ሥዕሉን ሳይበላው እንዲያርፍ ከመጀመሪያው ታስቦ መተው አለበት። ደንበኛ «ጽሑፉን ትንሽ እናሳድገው» ማለቱ መቼም አይቀርም፤ ገና ታዩታላችሁ።

ሌላም ሸክም ነበረበት። ልጁ ቀለም ሲቀባ የሚመለከተው ካርቶኑን ነው። ክንፉ ላይ ያለው ምልክት ቦታውን ቢስት፣ የሆዱ ቀለም ቢሳሳት፣ ያ ስህተት በየቤቱ ጠረጴዛ ላይ ይባዛል። አንድ የሙዚየም ሠዓሊ ሰማዩን ቀይ ቢያደርገው የሚጠይቀው የለም። የካርቶን ሠዓሊ ግን ጥያቄው የሚመጣበት ከአሥር ዓመት ልጅ ነው፤ ከእሱ የከፋ ሐያሲ ደግሞ አላውቅም።

«ታዲያ ይህ ማታለል አይደለም? ላዩ ላይ የተሣለው ጭስና እሳት ካርቶኑ ውስጥ የለም» የሚል ይኖራል። በ1970ዎቹ ይህን የመሰለ ክርክር ተነሥቶ፣ ቦምቡ፣ ፍንዳታውና የሚቃጠለው አውሮፕላን ከኤርፊክስ ካርቶኖች ላይ እንዲጠፉ ተደርጓል። ለልጅ ጦርነትን ማሳመር ተገቢ አይደለም የሚለው ወላጅ ምክንያት አለው፤ እኔም ወላጅ ነኝ። ማታለል ነው የሚለውን ግን አልቀበልም። ልጁ የገዛው ፕላስቲኩን ብቻ ሳይሆን ሊጫወተው ያሰበውን ጨዋታ ጭምር ነው፤ የተሣለለትም ያ ነው። ደግሞም ክልከላው ሁሉንም ኩባንያ አልያዘም። በ1982 አሜሪካ ውስጥ አርጀንቲና የተወለደው ሄክተር ጋሪዶ በሳለላቸው የጂ አይ ጆ አሻንጉሊቶች ማሸጊያ ላይ፣ ከወታደሩ ጀርባ ፍንዳታ ይታይ ነበር።

አሁን ወደ ጃፓን ልውሰዳችሁ። በሺዙኦካ ከተማ የሚገኘው ታሚያ የተባለው የተገጣጣሚ ሞዴል አምራች ሲጀምር የእንጨት ነጋዴ ነበር። በ1960 ወደ ፕላስቲክ ዞሮ ያማቶ የተባለችውን የጦር መርከብ ቢያወጣ፣ ተፎካካሪው ያችኑ መርከብ በርካሽ አቅርቦ ገበያውን ወሰደበት። ቀጥሎ የመጣው ፓንተር የተባለው ታንክ ነው። ሞተርና ባትሪ ስላለው መጠኑ የተወሰነው ባትሪዎቹ ሆዱ ውስጥ እንዲገቡ ተብሎ ነው፤ ዛሬ ዓለም የለመደው የ1/35 መለኪያ፣ ማለትም ከእውነተኛው 35 ጊዜ ያነሰው፣ የመነጨው ከዚያ ነው። ለካርቶኑ ሥዕል የተመረጠው ሺገሩ ኮማትሱዛኪ ነበር።

ኮማትሱዛኪ በ1915 ቶኪዮ ተወለደ። ከጦርነቱ በኋላ በልጆች መጽሔቶች ላይ በሥዕል የሚተረኩ ታሪኮችን እየሠራ ስሙ ገንኖ ነበር። ከዚያ ማንጋ የተባለው የጃፓን የካርቱን ታሪክ መጣና አንባቢውን ወሰደበት። ብዙ ሰው በዚያ ዕድሜ ብሩሹን ይሰቅላል፤ እሱ ግን ከመጽሔት ወደ ካርቶን ተሻገረ። የታሚያው ሹንሳኩ ታሚያ ሥዕሉን የለመነው ልጅ ሳለ መጽሔቶቹን እያየ ያደገ ሰው ስለነበረ ነው። ታንኩ አቧራ እያስነሣ ከካርቶኑ ሊወጣ የደረሰ ይመስል ነበር፤ ተሸጠ፣ ድርጅቱም ተነሣ። ኮማትሱዛኪ በዚያው ዐሥርት ዓመት ለኢማይ ኩባንያ ተንደርበርድስ የተባለውን የእንግሊዝ የቴሌቪዥን ተከታታይ መንኮራኩሮች ሳለ። ተማሪዎቹም፣ ከእነርሱም ዮሺዩኪ ታካኒ፣ በዚሁ ሙያ ስም አተረፉ።

በ1995 የኮማትሱዛኪ ቤት ተቃጠለ። ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሥራዎቹ አብረው ነደዱ። በ2001 እስኪሞት ድረስ ግን መሳሉን አልተወም። ሱቅ ውስጥ በሳንቲም የተሸጡትና ብዙ ልጅ ቀድዶ የጣላቸው ካርቶኖች ደግሞ ዛሬ በሰብሳቢዎች እጅ አሉ።

እንግዲህ ምክሬ የሥራ ምክር ነው። ውል ስትፈርሙ ዋናው ሥዕል የማን እንደሚሆን በጽሑፍ ይቀመጥ። ስማችሁ ካርቶኑ ላይ እንዲታተም ጠይቁ፤ እንቢ ቢሏችሁ እንኳ ከዋናው ሥዕል ጀርባ ስምና ቀን ጻፉ። ከማተሚያ ቤቱም ጥቂት ናሙና ወስዳችሁ ከዋናው ሥዕል በተለየ ቤት አስቀምጡ።

አመሰግናለሁ።