ዓመቷ የጠፋ ሳንቲም

ሰላም፦ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን። ዳዊት ዛሬ ሳንቲም ይዞ ነው የመጣው፣ ከገባ ጀምሮ ጠረጴዛው ላይ እየጣለ ያስጮኸዋል።

ዳዊት፦ ስሚው እስቲ። ይሄ በፈረንጆቹ የ1964 ኳርተር ነው፣ የአሜሪካ 25 ሳንቲም። ይሄኛው የ1967። ለየሽው?

ሰላም፦ የመጀመሪያው እንደ ቃጭል ረዘም ብሎ ይጮሃል። ሁለተኛው ወዲያው ዝም አለ።

ዳዊት፦ እኔ ሳንቲም መሰብሰብ የጀመርኩት በዚህ ድምፅ ነው። ቨርጂኒያ ነዳጅ ማደያ የሌሊት ፈረቃ ስሠራ፣ ለደንበኛ መልስ ስቆጥር አንዷ ሳንቲም እንደወደቀች ድምፅዋ ተለየብኝ፣ አንስቼ ጠርዟን ሳየው ዙሪያውን ነጭ ነው፣ ቀዩ የመዳብ መስመር የለም። ከኪሴ ሌላ ኳርተር ከትቼ ወሰድኳት። እስከ 1964 ድረስ አሥር ሳንቲሙ ዳይም፣ ኳርተርና ሃምሳ ሳንቲሙ ሃፍ ዶላር 90 በመቶ ብር ነበሩ። የ1965ቱ ሕግ ከዳይምና ከኳርተር ብሩን አስወጣው። ሃፍ ዶላሩ ግን 40 በመቶ ይዞ እስከ 1970 ቆየ።

ሰላም፦ ስለዚህ የምትሰበስበው ለብሩ ነው?

ዳዊት፦ ለብሩ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጥፍጥፍ ብር እገዛ ነበር። እኔን የያዘኝ ሥዕሉ ነው። በተለይ 1916። ከ1892 ጀምሮ በሦስቱም ሳንቲሞች ላይ የቻርልስ ባርበር አንድ ዓይነት የሴት ፊት ነበር፤ በ1916 ሦስቱም ተቀየሩ፣ ሥራውም ለቀራፂዎች ተሰጠ። አዶልፍ ዋይንማን ዳይሙንና ሃፍ ዶላሩን ሠራ። ዳይሙ ላይ ያለችው ነፃነት በሴት ተመስላ ነው፣ ቆቧ ላይ ክንፍ አላት፣ የሐሳብ ነፃነት ማለት ነው። ሰው ግን ክንፉን አይቶ የሮማውያኑ አምላክ ሜርኩሪ መሰለው፣ እስከ ዛሬም ሜርኩሪ ዳይም ነው የሚባለው።

ሰላም፦ ኳርተሩስ?

ዳዊት፦ እሱ የኸርመን ማክኒል ነው። እሱ ላይ ያለችውን ነፃነት ነው በጣም የምወዳት። በአንድ እጇ ጋሻ፣ በሌላው የወይራ ዝንጣፊ ይዛ ቆማለች። መጀመሪያ አንድ ጡቷ ገላጣ ነበር፣ በ1917 ጥሩር፣ የብረት የጦር ልብስ፣ አለበሷት። ብዙ ሰው የሕዝብ ቁጣ ነው ይላል፣ እኔ ግን አሜሪካ በዚያው ዓመት ጦርነት መግባቷን ሳስብ ጥሩሩ ከዚያ ጋር ይሄድብኛል። ትልቁ ችግር ሌላ ነበር። ዓመተ ምሕረቱን የቆመችበት ደረጃ ላይ ከፍ አድርጎ ነው የጻፈው። ከእጅ እጅ ሲዞር መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ሆነ። በ1925 ቁጥሩን ወደ ውስጥ አስገቡት። ይቺን ተመልከቻት፣ ዓመት የላትም።

ሰላም፦ ልክ እንደ አያቶቻችን፣ መቼ ተወለድሽ ሲሏት «በጣልያን ጊዜ» እንደምትል።

ዳዊት፦ እንደዚያው ነው! ዕድሜዋን በምልክት ነው የምታውቂው። ጥሩር ካላት ከ1917 ወዲህ ናት፣ ቁጥሯ ከተላጠ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ1925 በፊት። የ1916ቱ የፀጉሯና የልብሷ እጥፋት ትንሽ ይለያል፣ የታተመውም 52,000 ብቻ ነው፣ ስለዚህ ቁጥሩ ጠፍቶ እንኳ ይፈለጋል።

ሰላም፦ ባለፈው ስለ አንድ ሰይፍ ጀምረህልኝ ሳትጨርስ ሄድክ።

ዳዊት፦ የ1921ዱ የሰላም ዶላር! ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለሰላም መታሰቢያ የወጣ ነው። ቀራፂው አንቶኒ ዴ ፍራንቺሺ ከጣልያን የመጣ ስደተኛ ነው፣ ለነፃነት ፊት ሞዴል ያደረጋት ሚስቱን ቴሬሳን ነበር። ከኋላ ንስሩ የተሰበረ ሰይፍ ላይ እንዲቆም አሰበ፣ ጦርነት አበቃ ለማለት። ዜናው ሲወጣ ሰዉ ተቆጣ፣ የተሰበረ ሰይፍ የተሸናፊ ምልክት ነው ብሎ። ያኔ የፊላደልፊያው የሳንቲም ማተሚያ ዋና ቀራፂ ጆርጅ ሞርጋን ነበር፣ የ1878ቱን የሞርጋን ዶላር የሠራው። በስተርጅናው ሰይፉን ከብረቱ ላይ በጥንቃቄ አጠፋው። አሁን ንስሩ የወይራ ዝንጣፊ ብቻ ይዞ ነው የሚታየው።

ሰላም፦ እኔም ይዤልህ የመጣሁት አለ። የአያቴ ሽልንግ ነው፣ የድሮው ሃምሳ ሳንቲም። ፲፱፻፴፮ ይላል፣ ባንድ ፊት ጃንሆይ፣ ባንዱ አንበሳው።

ዳዊት፦ ሰላምዬ፣ ይሄማ የዚያው ቤት ልጅ ነው! የመጀመሪያዎቹ እዚያው ፊላደልፊያ ነው የታተሙት፣ በፈረንጆቹ 1944 እና 45። የጃንሆይን ምስል የሠራው ጆን ሲኖክ ነው፣ በ1946 የሩዝቬልትን ዳይም የሠራው። አንበሳው የጊልሮይ ሮበርትስ ነው፣ በኋላ የኬኔዲን ፊት ለ1964ቱ ሃፍ ዶላር የቀረጸው።

ሰላም፦ እኔ ደግሞ ጠቁሯል ብዬ ዛሬ በሎሚና በአመድ ላሸው ነበር።

ዳዊት፦ በፍጹም! ያ ጥቁረት የብሩ ዕድሜ ነው። ካሸሽው የላይኛው ቆዳ ይላጣል፣ ዋጋውም አብሮ ይወርዳል። ጠርዙን ይዘሽ ብቻ አንሺው፣ ለስላሳ ወረቀት ውስጥ አስቀምጪው። ዶላርም ልትገዢ ስትሄጂ ሚዛን ያዢ፣ የሞርጋንም የሰላምም ዶላር 26.73 ግራም ነው፣ ማግኔትም አይስበውም። የሚዛኑ ቁጥር ብዙ ከራቀ ትተሽው ሂጂ።

ሰላም፦ አያቴ በመቀነቷ ጫፍ ቋጥራ ነበር የምትይዘው። የጃንሆይ ፊት አልቋል፣ አንበሳው ግን አሁንም ይታያል። ልጣለው ወይስ ይጎዳል?

ዳዊት፦ እንጨቱ ላይ፣ ቀስ ብለሽ፣ አንዴ ብቻ።

ሰላም፦ …ሰማህ?

ዳዊት፦ ሰማሁ። ብር ነው።