ትንንሾቹንም ወረቀቶች አምጡልን

ክቡራን የዩኒቨርሲቲያችን የቀድሞ ተማሪዎች፣ መምህራን፣ የቤተ መጻሕፍት ባልደረቦቼ፣ ዘንድሮ የምትመረቁ ልጆቻችን፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ዛሬ እዚህ የቆምኩት ልለምናችሁ ነው። የምለምነው ገንዘብ አይደለም። ቁም ሳጥን አናት ላይ፣ አልጋ ሥር፣ በአሮጌ ሻንጣ ውስጥ ያስቀመጣችሁትን ወረቀት ነው። የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ቅጂ፣ የተማሪዎች ማኅበር ጋዜጣ፣ የግጥም ውድድር ፕሮግራም፣ ከጓደኞቻችሁ ጋር ተደርድራችሁ የተነሣችሁትን ፎቶ። ለምን እንደምለምናችሁ ላስረዳ።

የዩኒቨርሲቲ ዲጂታል ክምችት፣ ሪፖዚተሪ የምንለው፣ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስበው የማስተርስና የፒኤችዲ ጽሑፍ ነው። እሱ አለ፤ በብዛት አለ። የመምህራን የምርምር ውጤቶችም አሉ። እነዚህ ግን ጠባቂ አላቸው። አማካሪ አይቷቸዋል፣ ፈታኝ አንብቧቸዋል፣ ጆርናል አሳትሟቸዋል፣ የማዕረግ ዕድገት ሲጠየቅም ይቀርባሉ። ስለ እነሱ ብዙም አልሰጋም። እንቅልፍ የሚነሣኝ ጠባቂ የሌለው ነው።

የባችለር ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፍን እንውሰድ። ሲኒየር ኤሴይ የምንለውን። የታሪክ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች ለብዙ ዓመታት እንዴት ሲሠሩ እንደኖሩ እዚህ ያላችሁ ታውቃላችሁ። ተማሪው ርዕስ ሲመርጥ ብዙ ጊዜ ወደ ተወለደበት አገር ይሄዳል። ስለ አንድ ከተማ አመሠራረት፣ ስለ አንድ ገበያ፣ ስለ አንድ ገዳም ርስት፣ ስለ አካባቢው አርበኞች ይጠይቃል። ሽማግሌዎቹ ቤት ይገባል። የእገሌ ልጅ ነው ይባላል፤ ቡና ይፈላል፤ ጨዋታው ይጀመራል። ለባዕድ ተመራማሪ የማይነገረው ለእሱ ይነገረዋል።

ጽሑፉ ሲያልቅ ከመጨረሻዎቹ ገጾች በአንዱ ላይ የመረጃ ሰጪዎች ዝርዝር ይሰፍራል። ስም፣ ዕድሜ፣ ቃለ መጠይቁ የተደረገበት ቦታና ቀን። እኔ አንድ ጥራዝ ስከፍት መጀመሪያ የማየው ያንን ገጽ ነው። በ1975 ዓ.ም. ሰማንያ ዓመት የሞላቸው አባት ቢጠየቁ፣ እሳቸው ከዓድዋ ዘመቻ ሰባት ዓመት ገደማ በኋላ የተወለዱ ናቸው ማለት ነው። ማይጨው ሲዘመት ሙሉ ሰው ነበሩ። እኚህ አባት ዛሬ የሉም። የልጅ ልጆቻቸውም ታሪኩን በሙሉ አያውቁት ይሆናል። የተናገሩት ቃል የቀረው በዚያ የሃያ ምናምን ዓመት ወጣት ጽሑፍ ውስጥ ብቻ ሊሆን ይችላል።

«እንግሊዝኛው ደካማ ነው፣ ትንታኔው ላይ ላዩን ነው፣ ይህን ኢንተርኔት ላይ አውጥተን ምን እናደርጋለን?» የሚሉ አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ትንታኔውን ነገ ሌላ ሰው አሻሽሎ ይሠራዋል። ቃለ መጠይቁን ግን ማንም ሊደግመው አይችልም። ታላላቅ የታሪክ ምሁራኖቻችን እንኳ እነዚህን የተማሪ ጽሑፎች በግርጌ ማስታወሻቸው ሲጠቅሱ ኖረዋል። እነሱ ያከበሩትን እኛ የምንንቅበት ምክንያት አይታየኝም።

የድሮዎቹ ጥራዞች በታይፕ የተጻፉ ናቸው፤ ብዙዎቹም የካርቦን ቅጂ። ወረቀቱ ስስ ነው፤ ፊደሉ እየደበዘዘ ነው። ቅጂው አንድ ወይም ሁለት ብቻ ነው። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመን ስካን ማድረግ ያለብን እነዚህን ነው ብዬ አምናለሁ። ያለፈው ዓመት ቴሲስ ሶፍት ኮፒ ስላለው ትንሽ ቢቆይ አይሞትም።

ከታሪክ ክፍል ውጭም ያው ነው። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን በቡድን ያሠለጥን ነበር። የዚያን ዘመን የመስክ ሪፖርት በእጁ ያለ ሰው ካለ፣ ለጤና ታሪካችን ከፍ ያለ ዋጋ አለው። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወርዶ የማገልገል ግዴታ ነበረበት። አብዛኛው ያስተምር ነበር። ያ ዓመት ብዙዎቻችሁን እንደቀረጸ ስትናገሩ እሰማለሁ። ከዚያ የጻፋችሁት ደብዳቤ፣ ያነሣችሁት ፎቶ፣ የያዛችሁት ማስታወሻ የት ነው ያለው?

አሁን ወደዚሁ ግቢ ልምጣ። የስድስት ኪሎ ግቢ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት እዚሁ ነው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥቱ ሙከራ ሲከሽፍ፣ ታግተው የነበሩት ሹማምንት የተገደሉት እዚሁ ነው። ብዙም ሳይቆይ ንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥቱን ለትምህርት ሰጡ። በ1943 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው የአራት ኪሎው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅም ከሌሎቹ ኮሌጆች ጋር ተጠቃሎ በ1954 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. በ1963 ሲቋቋም ሪቻርድ ፓንክረስት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኑ። ቤተ መጻሕፍቱንና ሙዚየሙን በማደራጀት ደግሞ ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ትልቅ ድርሻ አላቸው። መጽሐፍና ቅርስ መሰብሰብ የጀመሩት ተቋሙ ገና ሳይታሰብ፣ በኮሌጁ ዘመን ነበር። ሰብስብ ብሎ ያዘዛቸው ሰው ሳይኖር የሰበሰቡት ዛሬ የአገር ሀብት ነው።

ከዚያ የተማሪው ዘመን መጣ። በየካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ወጡ። ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበረው ጥላሁን ግዛው ተገደለ። በማግስቱ አስከሬኑን ይዘው ግቢው ውስጥ በተሰበሰቡት ተማሪዎች ላይ ተተኮሰ። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ላይ የማኅበሩ ጋዜጣ ስትራግል የብሔረሰቦችን ጥያቄ ያነሣውን ጽሑፍ አወጣ። ያ ጽሑፍ እስከ ዛሬ ያከራክረናል። የሚደግፈውም የሚያወግዘውም ብዙ ነው። ከምንከራከረው መካከል ግን ስንቶቻችን ነን ያንን እትም ራሱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያየነው? በዚያው ገጽ ላይ ሌላ ምን ነበር? በቀጣዩ እትም ማን ምን ብሎ መለሰ? እንዲህ ያለውን ክርክር ከወሬ ወደ ማስረጃ የሚመልሰው ዋናው ሰነድ ሲገኝ ነው። ለሁሉም ወገን እኩል ክፍት ሆኖ ሲገኝ።

የዚያ ዘመን ወረቀት ለምን እንደተመናመነ ደግሞ የዕድሜ ባለጸጎቹ ከእኔ የበለጠ ታውቃላችሁ። በቀይ ሽብር ጊዜ ወረቀት ይዞ መገኘት ሕይወት ያስከፍል ነበር። እናቶች የልጆቻቸውን ጽሑፍ ምድጃ ውስጥ ከተዋል። ጓሮ የቀበረም አለ። በዚህ ማንንም መውቀስ አይቻልም። ግን ከዚያ እሳት ያመለጠች አንዲት በስቴንስል የተባዛች ወረቀት በእጃችሁ ካለች፣ እባካችሁ ዝም ብላችሁ አታስቀምጧት።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስቀና ነገር ልንገራችሁ። የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ የያኔው የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ፣ የተመሠረተው ከአሜሪካው የኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር ነው። ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1952 ሲሆን፣ የኦክላሆማ መምህራን ለዓመታት እየተመላለሱ እዚህ አስተምረዋል። ያ ዩኒቨርሲቲ የዚያን ዘመን ፎቶግራፎችና ሰነዶች በቤተ መዛግብቱ ጠብቋል፤ ከነበሩት ሰዎችም የቃል ታሪክ ቀድቷል። ስለ ዓለማያ የመጀመሪያ ዓመታት የሚጽፍ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ኦክላሆማ ያለውን ሳያይ አይሆንለትም። እነሱ ስለጠበቁልን ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን በዚያ ታሪክ ውስጥ የነበሩት አሜሪካውያን ብቻ አይደሉም። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች፣ የእርሻ ጣቢያው ሠራተኞች፣ ወጥ ቤት ይሠሩ የነበሩ እናቶች የሚናገሩት አላቸው። ይህኛውን ወገን እኛ ካልያዝነው ማንም አይይዘውም። እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን የሠሩት እዚያው ዓለማያ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ያፈራ ግቢ የራሱን ታሪክ በራሱ እጅ ሊይዝ ይገባዋል።

አንድ ቦታ ብቻ ማስቀመጥም አይበቃም። ሚያዝያ 10 ቀን 2013 ዓ.ም. ከተራራው የተነሣ እሳት የኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲን ጃገር ቤተ መጻሕፍት በላው። ስለ አፍሪካ የተሰበሰቡ እጅግ ብዙ የታተሙ ሥራዎችና የፊልም ክምችቱ ተቃጠለ። የእሳት መከላከያ መዝጊያዎቹ ባይወርዱ ኖሮ በምድር ቤት የነበረውም ይሄድ ነበር። አስቀድሞ ስካን የተደረገው ይዘቱ ተርፏል። እሳቱ ከመድረሱ በፊት ተራ ያልደረሰው ሄደ። ለእኛ እሳት ብቻ አይደለም የሚያሰጋን። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ምን ዓይነት ዝርፊያና ውድመት እንደደረሰበት አይታችኋል። አንድ ሰነድ ሁለት ሦስት ከተማ ላይ ቅጂ ሊኖረው ይገባል። ይህ ቅንጦት አይደለም።

መሣሪያው በእጃችን ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲና ሂውሌት ፓካርድ ኩባንያ ተባብረው ያወጡት ዲስፔስ የተባለ የዲጂታል ክምችት ማደራጃ ሶፍትዌር በነፃ ይገኛል፤ እኛም የምንጠቀመው እሱን ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ አገራችን የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት የምርምር ውጤት ለሁሉም ክፍት እንዲሆን የሚያዝ ፖሊሲ አውጥታለች። በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ምርምር በብሔራዊው የአካዳሚክ ዲጂታል ክምችት ውስጥ መግባት አለበት። ሕጉ አለ፤ ሶፍትዌሩ አለ። የሚጎድለው ብዙ ጊዜ የሰው ጉልበትና ልማድ ነው።

ልማድ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ዘንድሮ ለምትመረቁት ልንገራችሁ። ክሊራንስ ለመጨረስ ስትሯሯጡ ፋይሉን ጥላችሁልን ትሄዳላችሁ። ፋይሉ «ፋይናል ፋይናል ሁለት» ይላል። የአማካሪው ስም የለም፤ ቁልፍ ቃላት የሉም። ስማችሁ በአንዱ ገጽ አንድ ዓይነት፣ በሌላው ገጽ ሌላ ዓይነት የእንግሊዝኛ አጻጻፍ አለው። ፀሐይ የተባለች ልጅ በላቲን ፊደል ስንት ዓይነት እንደምትጻፍ አስቡት። አንዱ ካታሎግ በራሷ ስም ይመዘግባታል፤ ሌላው የአባቷን ስም ያስቀድማል። ከአሥር ዓመት በኋላ ሥራዋን የሚፈልግ ሰው አያገኛትም። ስለዚህ አንድ አጻጻፍ ምረጡና እስከ መጨረሻው እሱን ያዙ። ስማችሁን በግዕዝ ፊደልም ጨምሩ። ጽሑፋችሁ በእንግሊዝኛ ቢሆንም እንኳ አንድ ገጽ የአማርኛ፣ የኦሮምኛ፣ የትግርኛ ወይም የጠየቃችሁት ሕዝብ በሚያነበው ቋንቋ አጭር መግለጫ አያይዙ። መረጃ የሰጧችሁ ሰዎች ምን እንደተጻፈላቸው የማወቅ መብት አላቸው።

መምህራን ደግሞ «ክፍት ካደረግነው ይሰረቃል» ትሉኛላችሁ። ስጋታችሁ ይገባኛል። ግን ከተዘጋ መደርደሪያ የተሰረቀ ጽሑፍን ማን ያውቀዋል? አንዱ ከተማ የተሠራውን ሌላ ከተማ ላይ ርዕስ ለውጦ ማቅረብ ቀላል የሚሆነው የመጀመሪያው ሲደበቅ ነው። ክፍት የሆነ ጽሑፍ ቀን አለው፣ ስም አለው፣ የማይቀየር ሊንክ አለው። ሌባውን የሚያጋልጠው እሱ ነው። መዘጋት ያለበት ካለ፣ ለምሳሌ የታማሚ መረጃ ወይም ሰው ላይ አደጋ የሚያመጣ ስም፣ ያንን ለይተን እንዘጋለን። ሌላውን ግን እንክፈተው።

እንግዲህ ልመናዬ ይኸው ነው። ያላችሁን አምጡ። ዋናውን መስጠት ካልፈለጋችሁ ስካን አድርገን እንመልስላችኋለን። ዋሽንግተንም ሆነ ስቶክሆልም ያሉ ጓደኞቻችሁ ባሉበት ስካን አድርገው ይላኩልን፤ በስልክ ካሜራ ማንሳት ግን የመጨረሻው አማራጭ ይሁን። ፎቶ ስታመጡ ከጀርባው ላይ አትጻፉበት፤ በሌላ ወረቀት ላይ ማን ማን እንደሆነ፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ የት እንደተነሣ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደሆነ ጻፉልን። የማታውቁትን አትገምቱ፤ ባዶ ተዉት። ፎቶው ላይ በሕይወት ያለ ሰው ካለ ደውሉና ፈቃዱን ጠይቁልን። እግረ መንገዳችሁን የረሳችሁትን ስም ይነግራችኋል።

ቅጹ በር ላይ ካሉት ባልደረቦቼ ጋር ነው። አንድ ገጽ ብቻ ነው፤ ዛሬውኑ ሞልታችሁ መሄድ ትችላላችሁ።

አመሰግናለሁ።