የጉዞ ሣጥኑ አይዘጋም፦ በደጋፊዎች ማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

ክቡራን እንግዶቻችን፣ የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ እናቶችና አባቶች፣ እንኳን ለዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤያችን በሰላም አደረሳችሁ። አዳራሹን በነፃ ለፈቀዱልን፣ ከማለዳ ጀምሮ ወንበር ሲደረድሩ ለነበሩ ወጣቶችና ቡና ላፈሉልን እናቶች በማኅበሩ ስም ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ካለፈው ጉባኤ ወዲህ በሞት የተለዩንን ሁለት ወንድሞቻችንን በኅሊና ጸሎት አስበናቸዋል፤ ነፍሳቸውን ይማርልን።

የሥራ ሪፖርቱን ጸሐፊያችን በዝርዝር ስለሚያቀርበው እኔ ጠቅለል አድርጌ አልፈዋለሁ። በዓመቱ ሁለት ጊዜ ደም ለግሰናል። ለሦስት የሠፈር ቡድኖች ኳስና ማሊያ ገዝተናል። በሕመም ላይ ለነበሩ አንድ የቀድሞ ተጫዋች የመድኃኒት ወጪ ሸፍነናል። ሃያ ሦስት አዳዲስ አባላት ተመዝግበዋል። ይህ ሁሉ የሚያኮራ ነው። አሁን ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ ወደነሣኝ ጉዳይ ልግባ።

ባለፈው ሚያዝያ በጠራነው አስቸኳይ ስብሰባ ላይ «የጉዞ ሣጥኑ ይዘጋ» የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ለምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ፣ ለሴካፋ፣ ጉዞ ብለን የምናጠራቅመው ገንዘብ፣ በትልቅ ስክሪን የአውሮፓ ጨዋታ የምናይበት ክፍል መከራያ ይሁን ተባለ። የቀረበው ምክንያት፣ «ሴካፋ የሞተ ዋንጫ ነው፤ ቢነሣም ትንሽ ዋንጫ ነው» የሚል ነበር። ድምፅ ሳይሰጥበት ተበተንን። ከዚያ ወዲህ ግን ማኅበራችን ለሁለት ተከፍሎ ከረመ። ሃያ ዓመት አንድ ላይ የጨፈሩ ሰዎች ዛሬ መንገድ ላይ ሲተያዩ ፊት ይዟዟራሉ። በመሪነቴ ከዚህ የበለጠ ያሳዘነኝ ነገር የለም።

ሐሳቡን ያመጡት ሰዎች ያልዋሹበት ነገር አለ። ዋናው የወንዶች ብሔራዊ ቡድን ውድድር ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በታኅሣሥ 2012 ካምፓላ ላይ ነው። ያኔም ዋልያዎቹ አልተሳተፉም። ኤርትራ ለፍጻሜ ደርሳ ከዑጋንዳ ጋር ስትጋጠም እኛ ቤታችን ቁጭ ብለን ወሬ እንሰማ ነበር። በ2007 የአዘጋጅነት ተራው ደርሶን ሳናዘጋጅ ቀርተናል፤ ውድድሩም በዚያ ዓመት ሳይካሄድ ቀረ። በ2013 ክረምት ባሕር ዳር ላይ የተደረገው ከ23 ዓመት በታች ለሆኑ ነበር። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ሞቷል የሚለውን ግን አልቀበልም፤ ትንሽ ነው የሚለውን ደግሞ ጭራሽ አልቀበልም።

እስቲ አብረን እንቁጠር። አገራችን በ1974 ከተሳተፈችበት የአፍሪካ ዋንጫ በኋላ እንደገና ወደዚያ መድረክ የተመለሰችው በ2005 ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት! በ1954 የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣች አገር ሠላሳ አንድ ዓመት በር ላይ ቆመች። በእነዚያ ዓመታት ልጆቻችንን ኳስ ሜዳ ያቆየው ምን ነበር? በ1980 አዲስ አበባ ላይ የሴካፋን ዋንጫ አነሣን። በ1994 ኪጋሊ ላይ ደገምን። በ1997 አዲስ አበባ ላይ ቡሩንዲን አሸንፈን ሠለስን። በ1998 ኪጋሊ ላይ ሩዋንዳን በገዛ ሜዳዋ ረትተን አራተኛውን ይዘን ገባን። አራቱም በዚያ የድርቅ ዘመን ውስጥ የተገኙ ናቸው። ትንሽ ያላችሁት ዋንጫ ነው ያጎረሰን።

በ1980 እኔ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አዲስ አበባ ስታዲየም፣ ካታንጋ በሚባለው የደጋፊ ቦታ፣ ከታላቅ ወንድሜ ጋር ተጣብቄ ነው የቆምኩት። ጥላ ፎቅ፣ ሚስማር ተራ፣ ከማን አንሼ፣ ሁሉም በአንድ አፍ ይጮኻል። ዚምባብዌን በመለያ ምት ስናሸንፍ ከኋላ የገፋኝ ሕዝብ አንድ ጫማዬን አስወለቀኝ። ልፈልገውም አልቻልኩም። በአንድ ጫማ እስከ ሽሮ ሜዳ እየዘፈንኩ ወጣሁ። እናቴ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። የተገዛልኝ ለመስቀል ነበርና ትገርፈኛለች ብዬ ፈርቼ ነበር። እሷ ግን የኳስ ጨዋታ አስተላላፊውን የደምሴ ዳምጤን ድምፅ በሬዲዮ ስትሰማ ውላ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። «ይሁን፣ ለአገር ነው» አለችኝ። የኳስን ሕግ አታውቅም፤ ያን ቀን ግን ማን እንደመታና ማን እንደሳተ ነገረችኝ። ይህ ማኅበር ለእኔ የተመሠረተው ያን ቀን ነው።

ሴካፋ ራሱ ሲጀመር ከጎረቤታሞች ጨዋታ የሰፋ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1926 ኬንያና ዑጋንዳ ሁለቱ ብቻ፣ አንድ የሳሙና አምራች ለሰጠው ዋንጫ ተጋጠሙ። ቆይቶ ታንጋኒካና ዛንዚባር ተጨመሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1973 ደግሞ ዛሬ በምናውቀው ስሙ ተጠራ። ከዚያ ጎረቤታሞች ጨዋታ የወጡት ኬንያ፣ ዑጋንዳና ታንዛኒያ እ.ኤ.አ. የ2027ን የአፍሪካ ዋንጫ በጋራ እንዲያዘጋጁ ተመርጠዋል። የእኛ ብሔራዊ ቡድን ግን ሜዳችን መስፈርት አያሟላም ተብሎ የሜዳውን ጨዋታ በሰው አገር ሲያደርግ ዓመታት ተቆጥረዋል። ዋልያዎቹን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ልጅ በየቤታችን አለ። ይህ ያንገበግበኛል።

በ2006 ኬንያ ስታዘጋጅ በሞያሌ በኩል በአውቶቡስ የሄድን አሥራ ሰባት ሰዎች ነበርን። ከዚያ ቡድን ዛሬ እዚህ ስድስት አያለሁ። ናይሮቢ ዝናብ ጣለብንና ከበሯችን ራሰ፤ ሲመቱት እንደ ጆንያ ድምፅ አጣ። ተስፋ ቆርጠን ስታዲየሙ በር ላይ ቆመን ሳለ አንድ የኬንያ ደጋፊ እጄን ይዞ ወደ አንዲት በቆሎ ጠባሽ ወሰደኝ። ሴትዮዋ በቆሎዋን ከምድጃው ላይ አንሥታ ለከበሯችን ቦታ ለቀቀች። ከሰሉ ላይ እያገላበጥን ቆዳውን አሞቅነው። ውኃው ሲደርቅ ጠርዙ ላይ ትንሽ ጠቆር ያለ ምልክት ቀረበት፤ ከበሮው እዚያ ጥግ ነው ያለው፣ ሄዳችሁ ዳስሱት። ለበቆሎው ልከፍላት ብል ገንዘቤን መለሰችልኝ። ያ ሰውዬ እስከ ዛሬ ለእንቁጣጣሽ ይደውልልኛል። ስሜን አጥርቶ መጥራት አይችልም፤ «መልካም አዲስ ዓመት» ማለትን ግን ተምሯል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የምንለውን እኔ በዓይኔ ያየሁት እዚያ ከሰል አጠገብ ነው። ትልቁ ስክሪን ይህን ይሰጠናል ወይ?

አሁን ደግሞ እዚህ ለሌሉት መናገር እፈልጋለሁ። እዚህ ያላችሁ አድርሱልኝ።

በሚያዝያው ስብሰባ ሦስተኛው መደዳ ላይ ተቀምጠህ «ይዘጋ» ያልከው ወንድሜ፣ ዛሬ ወንበርህ ባዶ ነው። ትላንት ማታ ደውዬልህ አላነሣህም። ሐሳብህን አልጠላሁትም፤ መቅረትህን ነው የጠላሁት። በ1998 ቡድኑ ከኪጋሊ ሲመለስ ቦሌ በር ላይ ባንዲራውን የያዝከው አንተ ነህ፤ ያን እጅህን አልረሳሁትም። ብትሸነፍም እዚህ ተሸነፍ፤ ብታሸንፍም እዚህ አሸንፍ። ደጅ ቆሞ ማኅበር ማማት ለአንተ አይገባህም።

መዋጮ የማትከፍሉትንም እናገራለሁ። በመዝገባችን ላይ ሦስት መቶ አርባ ስም አለ። ዓመቱን ሙሉ የከፈለው ዘጠና አይሞላም። ከዘጠናው ብዙዎቹ ጡረተኞች ናቸው። አንዲት እናታችን፣ ስማቸውን መጥራት አልፈልግም፣ እንጀራ ሸጠው የሚኖሩ ናቸው፤ በየወሩ መጀመሪያ ገንዘቡን በመሐረብ ጫፍ ቋጥረው ያመጣሉ። አንድም ወር አላሳለፉም። ገንዘብ ያዣችን ደረሰኝ ሲቆርጥላቸው ያነበንቡታል፣ አጥፈው ከደረታቸው ይከቱታል። እኒህ እናት እየከፈሉ የደሞዝ ሰው ለሁለት ዓመት ሲያሳልፍ እኔ ሊቀ መንበር ተብዬ መቀመጥ ይከብደኛል። ሣጥኑ የሳሳው ዋንጫው ስለቆመ ብቻ አይደለም፤ እኛም ስለቆምን ነው።

ሥራ አስፈጻሚው ሦስት ነገር ተስማምቶ አምጥቷል። የጉዞ ሣጥኑ ለብቻው በባንክ ይቀመጥ፣ ያለ ጠቅላላ ጉባኤ ውሳኔ አይነካ። ውድድሩ እንደገና እንዲጀመርና አገራችንም እንድትሳተፍ የሚጠይቅ ደብዳቤ በማኅበሩ ስም ለሚመለከታቸው ይጻፍ፤ ረቂቁ ተዘጋጅቷል። የሴቶችና የወጣቶች ቡድኖቻችን ለቀጠናው ውድድር ወደ ጎረቤት አገር ሲሄዱ ደግሞ ከዚሁ ሣጥን ቢያንስ አምስት ሰውና ከበሮው አብረው ይሂዱ። እኔ የወንዶቹን ስጠብቅ እነዚህን ልጆች መዘንጋታችን ስሕተት ነበር፤ ስሕተቱም የእኔ ነው፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ክርክሩ ነፃ ይሁን። የሚቃወም ይቃወም፤ ማንም ማንንም አያቋርጥ፤ ድምፁ ግን ዛሬ ይሰጥ። መዝገቡና የደረሰኙ ጥራዝ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ናቸው፤ ገንዘብ ያዣችን እስከ ማታ አይነሣም። ጉባኤው ተከፍቷል። ጸሐፊያችን፣ ሪፖርቱን አቅርብልን።