«ሥራ እንዴት ነው?»

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ድምፄ ራቅ ካለባችሁ ይቅርታ። ማይኬን ሜሪላንድ ትቼው ስለመጣሁ የምቀዳው በስልክ ነው። ያለሁት ጎንደር፣ እናቴ ቤት፣ ለማትሪክ ያጠናሁባት ክፍል ውስጥ ነው። ጥምቀት ካለፈ ሳምንት ሆነው። ከውጭ ባጃጅ ትሰማላችሁ። ዶሮም አለ። ዶሮውን ምንም ማድረግ አልቻልኩም።

ስለ ምን እንደማወራ እስከ ትናንት አላውቅም ነበር። ትናንት ቡና ላይ የአጎቴ ልጅ መጣች። ቀለበት አስራለች። እጮኛዋ አዘዞ ተወልዶ ያደገ፣ አሁን የአሜሪካ ዜግነት ያለው ልጅ ነው። ፎርም ልንሞላ ነው አለችና ድንገት ዞር ብላ፣ «እስቲ እውነቱን ንገረኝ፤ እዚያ ሄደህ ስንት ወር ያለ ሥራ ተቀመጥክ?» አለችኝ።

እናቴ ረከቦቱ ጋ ናት። ጀበናውን ልታነሳ እጇን ዘርግታለች። እሷ የምታውቀው ልጇ አሜሪካ በገባ በወሩ ሆስፒታል ሥራ እንደጀመረ ነው። የነገርኳት እኔው ነኝ።

እንግዲህ የዛሬው ወሬ ይሄ ነው።

መጀመሪያ ለአጎቴ ልጅና እንደሷ ላሉ መንገዱን ላስረዳ። ጠበቃ አይደለሁም፤ የላብራቶሪ ሰው ነኝ። ከአሜሪካ ዜጋ ጋር ትዳር የሚይዝ ሰው ባብዛኛው ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው እዚህ ተጋብቶ፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀቱን ከወሳኝ ኩነት አውጥቶ፣ ፕሮሰሱን እዚሁ ሆኖ መጠበቅ ነው። አይ-130 የሚባል ፎርም ይገባል፤ መጨረሻው አዲስ አበባ ኤምባሲ ኢንተርቪው ነው። ጥበቃው ረጅም ነው። ግን የምትጠብቁት በአገራችሁ፣ በሥራችሁ ላይ ሆናችሁ ነው። ቪዛው ወጥቶ ስትሄዱ ደግሞ የምትገቡት ቋሚ ነዋሪ ሆናችሁ ነው። በማግስቱ ሥራ ብታገኙ መሥራት ትችላላችሁ።

ሁለተኛው የፊያንሴ ቪዛ ነው፤ ኬ-1። ሳትጋቡ ትሄዳላችሁ፣ በገባችሁ በ90 ቀን ውስጥ እዚያው ትጋባላችሁ። ከዚያ የግሪን ካርዱን ማመልከቻ፣ አይ-485ን፣ ታስገባላችሁ። የሥራ ፈቃዱ ደግሞ ሌላ ፎርም ነው፤ አይ-765። እሱ ካርድ ሆኖ በፖስታ እስኪመጣ ድረስ ትዳር አላችሁ፣ ቤት አላችሁ፣ ሥራ የላችሁም።

እኔ በሁለተኛው ነው የሄድኩት። ፍቅር ነዋ! ቶሎ አብረን እንሁን አልን። አልጸጸትም። ግን ስለዚያች የመሐል ጊዜ ቁጭ አድርጎ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

«ኬ-1 ራሱ ያሠራል» የሚሉ አሉ። እንደገቡ የሥራ ፈቃድ ማመልከት ይቻላል፤ ግን ፈቃዱ ከ90 ቀኑ አያልፍም። ወረቀቱ እስኪመጣ ቀኑ ያልቃል። ስለዚህ አብዛኛው ሰው ከተጋባ በኋላ ሁለቱን ፎርም አንድ ላይ ይልካል። ክፍያውንም እዩት። እኔ ፎርሞቹን በላክሁበት ጊዜ የሥራ ፈቃዱ ከግሪን ካርዱ ክፍያ ጋር አብሮ ነበር። በፈረንጆቹ ከኤፕሪል 1 ቀን 2024 ወዲህ ግን ለብቻው 260 ዶላር ሆኗል፤ ዋናው 1,440። ይለዋወጣልና በምትልኩበት ቀን ያለውን ተመልከቱ። የሥራ ፈቃዱ ፎርም ላይ የሶሻል ሴኩሪቲ ካርድም፣ ለደሞዝና ለግብር የምትጠየቁት ቁጥር ያለበት፣ አብሮ እንዲላክ የምትጠይቁበት ቦታ አለ። ሙሉት፤ ሌላ ቢሮ ከመመላለስ ያድናል።

ሕጉ በቃን። ወደ ቤት እንግባ።

ባለቤቴ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ነው የምትሠራ። የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ትወጣለች። አንዳንድ ቀን ደብል፣ ሁለት ፈረቃ አከታትላ፣ ትሠራለች። እኔ እቀራለሁ። የተጠረገ ቤት መልሼ እጠርጋለሁ። ወጥ እሠራለሁ። ጎንደር እያለሁ ምድጃ አጠገብ የደረስኩት ጥብስ ልቀምስ ብቻ ነበር፤ እዚያ ሽንኩርት ማቁላላት ተማርኩ። እሱ አልከበደኝም። የከበደኝ የአውቶቡሱም፣ የስልኬም፣ የፀጉር ቤቱም ገንዘብ ከእሷ እጅ መውጣቱ ነው። አንድ ቀን ተናግራኝ አታውቅም። አለመናገሯም ይከብደኝ ነበር። ፀጉሬን ሁለት ወር ተኩል ሳልቆረጥ ቆየሁ። ፋሽን ነው አልኳት። አየችኝና ዝም አለች።

እዚህ እያለሁ ደሞዝ ነበረኝ። ትንሽ ናት፤ ግን የኔ ነበረች።

እማዬ የምትደውለው ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ነው። ጎንደር ጠዋት 2 ሰዓት ሲሆን፣ በብርዱ ወራት እኛ ጋ እኩለ ሌሊት ነው። ሰላምታው ሲያልቅ ሁሌም ያችው ጥያቄ ናት። «ሥራ እንዴት ነው?» ሥራ አለህ ወይ አይደለም። አሜሪካ ያለ ሰው ሥራ አለህ ወይ ተብሎ ይጠየቃል እንዴ? በሦስተኛው ሳምንት «ጥሩ ነው እማዬ» አልኩ። እንዲያው ለመገላገል። በሚቀጥለው «የት ነው?» መጣ። ሆስፒታል አልኩ። ወሬው በጽዋ ማኅበሩ ዞረ። አንዲት የጎረቤት እናት ደውለው፣ «ልጄ፣ ከሆስፒታልህ የደም ግፊት መድኃኒት ብትልክልኝ» አሉኝ። ያን ሰዓት ሳሎን ቆሜ የባለቤቴን ዩኒፎርም እየተኮስኩ ነበር።

በበዓል በበዓሉ ደግሞ ገንዘብ ይላካል። ላኪው እኔ፣ ገንዘቡ የባለቤቴ። «እጅህ ባዶ አይሁን» የምትለኝ እሷው ናት።

አራተኛው ወር ላይ አንድ የአገር ልጅ ሥራ አገኘልኝ። ምግብ ቤት፣ ከጓዳ፣ ዕቃ ማጠብ፤ ክፍያው በካሽ። «ማን ያያል?» አለኝ። ሳመነታ ሌላ አመጣ። መጋዘን ነው፤ ፎርም ብቻ ትሞላለህ አለኝ። ፎርሟ አይ-9 ትባላለች። አሜሪካ ማንም ሰው ሲቀጠር ይሞላታል። ምን እንደሆናችሁ የምትመርጡባቸው ሳጥኖች አሏት፤ የመጀመሪያዋ የአሜሪካ ዜጋ ነኝ ትላለች። «እሷን ምልክት አድርግና እለፍ፤ ስንቱ አድርጎታል» አለኝ።

ባለቤቴ፣ እግዜር ይስጣት፣ ያን ማታ ጠበቃ ጋ ደወለች። ስለ ካሹ፣ እንደየሰው ጉዳይ ይለያያል፣ ግን አትንካው ብሎ አለፈ። ስለ ሳጥኗ ስትነግረው ግን ድምፁ ተቀየረ። ዜጋ ሳይሆኑ ለሥራ ብሎ ዜጋ ነኝ ብሎ መፈረም፣ በስደተኛ ሕጉ ይቅርታ የለውም ማለት ይቻላል። ዜጋ ማግባትም አያድንም። ግሪን ካርዱ እዚያው ላይ ሊቀር ይችላል። በአንዲት ሳጥን! የአጎቴ ልጅ፣ ይህን የምትሰሚ ከሆነ ሌላውን ሁሉ ብትረሺውም ይህን አትርሺ።

ካሹንም ተውኩት። ጀግና ሆኜ እንዳይመስላችሁ። ፈርቼ ነው።

ጠበቃው ስልኩን ሳይዘጋ አንድ ነገር ጣል አደረገ። «ታዲያ ለምን አይማርም?» አለ። ማመልከቻ አስገብቶ የሚጠብቅ ሰው እንዳይሠራ ነው እንጂ እንዳይማር የሚከለክለው የፌዴራል ሕግ የለም። አራት ወር ቤት ስጠርግ ይህን አላውቅም ነበር። በማግስቱ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ፤ የእንግሊዝኛ ክፍል በነፃ አለ። ኮሌጁ ግን ሌላ ነው። የነዋሪ ዋጋ አለው፣ የሌላው ሰው ዋጋ አለው፤ ልዩነቱ የትየለሌ ነው። የፌዴራል መንግሥቱ ለተማሪ የሚሰጠው እርዳታም ማመልከቻው ገና ላልጸደቀ ሰው አይደርስም። ስለዚህ አንድ አጭር ኮርስ ብቻ መረጥኩ። ደም መቅዳት።

ሳቁ፣ ግድ የለም። አራት ዓመት ሙሉ ጎንደር ደም ስቀዳ የኖርኩ ሰው ነኝ። የተመረቅኩት ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው፤ በፈረንጆቹ 1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ከተጀመረው ቤት። አሁን እንደ ጀማሪ ወንበር ላይ ቁጭ ብያለሁ። አስተማሪዋ ባለ ሐምራዊ ክዳኑን ብልቃጥ አነሳችና ለምንድነው አለች። ክፍሉ ጸጥ። «ለሲቢሲ» አልኩ፤ የደም ሴሎች ቆጠራ ማለት ነው። ሰማያዊውስ? ለደም መርጋት ምርመራ። በሦስተኛው ቀን ጠርታ፣ ከዚህ በፊት ሠርተሃል ወይ አለችኝ። ያን ቀን ወደ ቤት የሄድኩት በእግሬ ነው። አውቶቡስ ብይዝ ቶሎ ያልቅብኛል ብዬ።

የማላውቀውም ነበር። እኔ የለመድኩት የታካሚውን ክንድ ይዞ «አይዞህ» ብሎ መውጋት ነው። እዚያ ስሙንና የተወለደበትን ቀን ራሱ እንዲናገር ታደርጋላችሁ፣ ምን እንደምትሠሩ ትነግሩታላችሁ፣ እሺ ሲላችሁ ነው መርፌው። ጥሩ ልማድ ነው። አይዞህ የሚለውን ግን እስካሁን በእንግሊዝኛ አላገኘሁትም። የልምምዱን ክፍል ካርዱ እስኪመጣ አቆየሁት። ያለ ክፍያም ቢሆን ሌላው ደሞዝ የሚበላበትን ሥራ መሥራት ያጠያይቃል ስላሉኝ ነው።

በዚያው ዲግሪዬን ማስገምገም ጀመርኩ። ትራንስክሪፕቱ ከዩኒቨርሲቲው ታሽጎ መላክ አለበት። ታናሽ ወንድሜ ከማራኪ ፒያሳ፣ ከፒያሳ ማራኪ ሲሮጥ ከረመ። ችግሩ ግን የኔው ነበር። የአያቴ ስም ገብረ ብሎ ነው የሚጀምረው። በአማርኛ ምንም የለበትም። በእንግሊዝኛ ዲግሪዬ ላይ አንድ ቃል ሆኖ ተጽፏል፣ ፓስፖርቴ ላይ ሁለት ቃል። እሱን ለማስተካከል ስድስት ሳምንት ሄደ። ሳትሄዱ በፊት ወረቀቶቻችሁን ሁሉ አልጋ ላይ ዘርግታችሁ ስማችሁን ፊደል በፊደል አመሳክሩ።

ስድስተኛው ወር ሲገባ የእናቴ እናት አረፈች።

ማመልከቻው ሳያልቅ ያለ ጉዞ ፈቃድ የወጣ ሰው ማመልከቻውን እንደተወው ይቆጠራል። የጉዞ ፈቃዱ ፎርም አይ-131 ነው። ከሌሎቹ ጋር ልናስገባው እንችል ነበር። አሁን ማን ይሄዳል ብለን ተውነው። ቀረሁ። የአገር ልጆች ጎህ ሳይቀድ በር አንኳኩተው መርዶ ነገሩኝ፤ ልክ እንደ አገር ቤቱ። ከመሐላቸው ያ የመጋዘኑን ሥራ ያመጣልኝ ሰው አለበት። ሦስት ቀን ከአጠገቤ አልተለየም፤ ቡናውንም የሚያፈላው እሱ ነበር። እማዬ በስልክ አለቀሰች፣ አለቀስን። ልትዘጋ ስትል፣ «በል ከሥራህ እንዳትቀር ልጄ» አለችኝ።

ካርዱ የመጣው አንድ ማክሰኞ ነው። ከፒዛ ማስታወቂያ ጋር ፖስታ ሳጥን ውስጥ ተኝቷል። ልምምዴን ጨርሼ ተቀጠርኩ፣ ደሞዝ ገባ፣ ፀጉሬን በራሴ ገንዘብ ተቆረጥኩ። ለእማዬ ልደውል ስልኩን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። ምን ብዬ? እሷ ዘንድ እኔ ስንት ወር የሠራሁ ሰው ነኝ።

እና ትናንት፣ «ሰባት ወር ከአሥር ቀን» አልኩ።

የአጎቴ ልጅ ከንፈሯን መጠጠች። እማዬ ጀበናውን መልሳ ከሰሉ ላይ አስቀመጠችው።

«ታዲያ ለፋሲካ የላክኸው?» አለች።

«የሷ ነው።»

«የተዝካሩስ?»

«እሱም የሷ ነው እማዬ።»

ምንም አላለች። ቶናውን ቀዳች።

የአጎቴ ልጅ፣ «ታዲያ አንተ ብትሆን?» አለችኝ። እዚሁ ተጋብቼ፣ ሥራዬን እየሠራሁ እጠብቅ ነበር አልኳት። ከልቤ ነው። አልወደደችውም። እኔም ያኔ ማንም ቢለኝ አልወደውም ነበር።

የምመለሰው ነገ ነው። ሻንጣው ሁለት ነው፤ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። በርበሬውና ሽሮው ከትናንት በስቲያ ታስሮ አልቆ ነበር። ዛሬ ስነሳ እማዬ ሁሉንም ፈትታዋለች። በርበሬውን ወደ አዲስ ከረጢት ገልብጣ፣ በላዩ በእስክሪብቶ የባለቤቴን ስም ጽፋበታለች። የሽሮውም ላይ እንደዚሁ። የኔን ሸሚዞችና ጋቢዬን አውጥታ አልጋው ላይ ከምራቸዋለች። «ይሄስ?» ብላት፣ «ላንተ ቦታ የለም» አለችኝ።

ይሄው እየጠራችኝ ነው። ከጎረቤት ሚዛን ተውሳ መጥታለች።